ቀጥታን የመረጠ ሆድ

ሰው ፍልስፍናዬን ከመጻሕፍት ቀሰምሁ ይበል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀስመው ከገዛ አካሉ ነው። ጥርሱ የተበላ ሰው ሥጋ ለጤና ጠንቅ መሆኑን ይሰብካል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ጭፈራን በሥነ ምግባር ስም ይቃወማል። የአሳንሰር ጠጋኙም «እውነተኛ መኪና የሚታወቀው በቀጥታ መንገድ ነው፤ የቀረው ወሬ ነው» የሚለውን ታላቅ ትምህርቱን ያገኘው ከሆዱ ነበር። ይህን የሚያውቁት ግን እርሱ ራሱና አብራው የምትኖረው ታላቅ እኅቱ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ መኪና በታጠፈ ቁጥር ሆዱ አብሮ ይታጠፋል። መንገዱ ወደ ግራ ሲዞር ምራቁ ይበዛል፤ ወደ ቀኝ ሲመለስ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ ጥቂት ኩርባዎች ከተደገሙ ደግሞ ቁርሱን ለመንገዱ ያስረክባል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእርሱ ሆድ ያባውን የሚያወጣው ግን ኩርባ ነበር። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር የቱንም ያህል ቢፈጥን አንዳች አያደርገውም። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ሲመርጥ ምን ይመርጣል? አሳንሰር ይወጣል፤ አሳንሰር ይወርዳል፤ አሳንሰር ታጥፎ አያውቅም። በየሕንፃው አናት ላይ ባለችው፣ የግራሶ ሽታ በማይለያት የሞተር ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ፣ ወይም የሐዲዱን ቀጥታነት ሊፈትሽ ከላይ እስከ ታች ቱምቢ ሲያወርድ፣ የዓለም ሥርዓት ከዚያ ገመድ ጋር ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ ይመስለው ነበር።

ለመኪና ያለው ፍቅርም ከዚያው ቱምቢ የተቀዳ ነው። አፍንጫው የረዘመ፣ ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ የገዘፈ ቀይ መኪና ነበረው። በሳምንቱ መጨረሻ ይህን መኪና እየወለወለ ከከተማው ውጭ ወዳለው፣ አውሮፕላን ማረፉን ከተወ ብዙ ዘመን ወዳስቆጠረው ማኮብኮቢያ ይወስደዋል። በዚያ የመኪና ወዳጆች ማኅበር ይሰበሰባል። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ባንዲራ ይወርዳል፤ ጎማ ይጮኻል፤ ጭስ ይነሣል፤ ትንፋሽ ሳይሰበሰብ ነገሩ ያልቃል። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ለመመለስ መዞር ግድ ነውና እዚያ ሲደርስ እንቁላል እንደ ጫነ ሰው በዝግታ ይዞራል። «ሞተሩን ላቀዝቅዘው ብዬ ነው» ይላል። ይህ ነገር ስሙን አተረፈለት፤ ማኅበርተኛው ሁሉ «ጋሽ ቀጥታ» ይለው ጀመር።

ማኅበሩ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ሁለት ሃይማኖት ነበረበት። ቀጥተኞቹ በማኮብኮቢያው ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ ኩርበኞቹ ከማኮብኮቢያው ጀርባ ወደ ተራራው በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እየተጠማዘዙ ይውላሉ። ከቀትር በኋላ ሁሉም የቀድሞ መንገደኞች ማረፊያ በነበረችው አዳራሽ ተገናኝተው ሻይ እየጠጡ ይሰዳደባሉ። የኩርበኞቹ አለቃ የጥርስ ሐኪም ነበር።

«ቀጥታ ላይ እኮ የሚነዳው ሞተሩ ነው» ይላል ሐኪሙ። «እናንተ ተሳፋሪዎች ናችሁ። ቲኬት ብትቆርጡ ነው የሚያምርባችሁ።»

«ኩርባ የደካማ ሞተር መሸሸጊያ ነው» ይመልሳል ጋሽ ቀጥታ፣ ስኳሩን በእርጋታ እያማሰለ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሽ ቀጥታ!»

«እናንተስ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያላችሁ አይደል ገና ተራራው ላይ ያላችሁት?»

አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እርሱም ሆዱን በእጁ እየደባበሰ ይስቃል፤ ሰው ግን ጠግቦ ይመስለዋል።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ማኅበሩ የመጣችው ነገሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው። ባሏ የሞተባት፣ የሙሽራ ቀሚስ የምትሰፋ፣ ሳቋ ከቁመቷ የሚረዝም ሴት ናት። ትንሽ ነጭ መኪና ነበራት፤ ወንበሮቹን የወተት ቀለም ባለው ስስ ቆዳ ራሷ ለብጣቸዋለች። ቀጥተኞቹ ገና ሲያዩዋት «ሞተሩ የስፌት መኪናዋ ነው» ብለው አሟት። በማኮብኮቢያው ላይ ከጋሽ ቀጥታ ጋር ተወዳድራ በአሳፋሪ ርቀት ተሸነፈችና ከመኪናዋ እየሳቀች ወረደች። ተራራው ላይ ግን የጥርስ ሐኪሙ እንኳ የሚያየው አቧራዋን ብቻ ሆነ። እቴጌ ኩርባ አሏት።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ቀጥታ የዘወትር ስብከቱን ሲጀምር ሻይዋን አስቀምጣ፣

«ይቅርታዎን ጋሼ፣ ቀጥ ብሎ የተቀደደ ጨርቅ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?» አለችው።

«ምን ይሆናል?»

«ጆንያ። ትከሻ ላይ አምሮ የሚያርፈው፣ ብብት ሥር የማይጎትተው ሁሉ በኩርባ የተቀደደ ነው። የለበሱት ኮት እንኳ ቢያዩት ከእርስዎ ጎራ አይደለም።»

ጋሽ ቀጥታ ትከሻውን ዘወር ብሎ አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ የእርሷ ስፌት ቤት ያለበት ሕንፃ አሳንሰር ከከተማው አሳንሰሮች ሁሉ ይልቅ ተደጋጋሚ ፍተሻ የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኘ።

«ቆይ እስኪ» አለችው እኅቱ አንድ ማለዳ፣ ሸሚዝ ሲመርጥ ደጃፍ ላይ ቆማ። «የታመመው አሳንሰሩ ነው ወይስ አንተ?»

«እታለም፣ የበሩ ሮለር ይንቋቋል እኮ።»

«ለሮለር ሽቶ ይቀባል?»

ሮለሩ ዘይት ሲቀባ፣ ቀበቶው ሲጠብቅ፣ ቁልፉ ሲጸዳ ወራት አለፉ። አንድ ቀን በመጨረሻ በስፌት ቤቷ በር ላይ መፍቻውን እንደ ያዘ ቆሞ፣ ሁለቱም ብቻቸውን መሆናቸውን፣ ብቻ መሆን ደግሞ እንደ ባዶ አሳንሰር ሲወጣም ሲወርድም ያው መሆኑን ነገራት። ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ ይዛቸው የነበሩትን መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥታ እጇ ላይ በታሰረችው ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ያለ መርፌ የምትናገረው ቁም ነገር ሲሆን ብቻ ነበር።

«እርስዎን እወድዎታለሁ፤ አልደብቅም» አለች። «ነገር ግን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎኔ በተቀመጠ ቁጥር 'ፍሬን ያዢ! ግራ ነው! ወየው ገደሉ!' ሲል ኖረ። ዳግመኛ እንዲህ መኖር አልችልም። ከእኔ ጋር የሚኖር ሰው አንድ ጊዜ ጎኔ ተቀምጦ፣ ከተራራው ግርጌ እስከ አናቱ፣ ዝም ብሎ ይውጣ። ሌላ ጥሎሽ አልፈልግም። እሑድ ይመችዎታል?»

«ይመቸኛል» አለ ጋሽ ቀጥታ። እንዲህ ካለ በኋላ አሳንሰሩን ረስቶ በደረጃ ወረደ።

እንግዲህ የሰውየው መከራ ምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። አልሄድም ቢል እንደ ናቃት ትቆጥራለች፤ ቢሄድ ያንን የወተት ቀለም ያለውን ቆዳ ምን እንደሚያገኘው ከእርሱ ሆድ በላይ የሚያውቅ የለም። በሁለቱም መንገድ ያጣታል።

«ንገራታ!» አለችው እኅቱ።

«ሞቼ ነው! ይህን ሁሉ ዘመን 'የደካማ ሞተር መሸሸጊያ' ስል ኖሬ?»

«እንዲያ ከሆነ ሆድህን አስተምረው።»

ትምህርቱ ተጀመረ። እኅቱ ዝንጅብል አስኘከችው፤ ሎሚ አስሸተተችው። እርሱም ከሥራ ሲወጣ በከተማው አውቶቡስ የኋላ ወንበር እየተቀመጠ በትልቁ አደባባይ መዞርን ተለማመደ። በመጀመሪያው ቀን አውቶቡሱ አደባባዩን ሳይጨርስ ወረደና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ አንዲት የማያውቃት ሴትዮ በጋዜጣ አራገበችለት። በሁለተኛው ቀን ያቺው ሴትዮ ገና ስታየው ጋዜጣዋን ዘረጋች። ሦስተኛ ቀን አልሄደም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ የእርሱ ሆድ ግን መከራም የሚመክረው ዓይነት አልነበረም።

እሑድ ደረሰ። ማኅበርተኛው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ማኮብኮቢያው ባዶ ቀርቶ ሁሉም ተራራው ግርጌ ላይ ተሰልፏል። ልብስ ሰፊዋ ነጯን መኪና አቁማ የጋቢናውን በር ከፈተችለት። ጋሽ ቀጥታ ወንበሩን አየው፤ ወንበሩም ያየው መሰለው። ያን ጊዜ ከየት እንደ መጣ የማያውቀው ቃል ከአፉ አመለጠ።

«ባይሆን እኔ ልንዳ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልብስ ሰፊዋ መሪዋን ለሰው ሰጥታ አታውቅም፤ ወንድሟ ጠይቋት ተኳርፈዋል።

«ሊነዱ?»

«ቀጥተኛ ሰው ኩርባን ልቅመሰው ሲል እምቢ ይባላል? እርስዎ ጎኔ ሆነው ያስተምሩኛል።»

ሐሳቡ ተንኮል እንጂ ትሕትና አልነበረም። መሪው በእጁ ከሆነ እንደ ኤሊ ይነዳል፤ እንደ ኤሊ ከነዳ ሆዱ ዝም ይላል፤ ይኸው ነበር ስሌቱ። እርሷ ግን ልቧ ተነካ። የማኅበሩ ትልቁ ከሐዲ ንስሐ የገባ መሰላትና ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። የጥርስ ሐኪሙ ባርኔጣውን አወለቀ።

የመጀመሪያው ኩርባ አሳፋሪ ነበር። ጋሽ ቀጥታ በማኮብኮቢያ ልማዱ ዓይኑን ኮፈኑ ላይ ተክሎ መሪውን ሲቆራርጠው መኪናዋ እንደ ሰካራም ተወላገደች።

«ያሉበትን አይዩ» አለችው። «የሚወጡበትን ይዩ። መቀስ ስይዝ እኮ ስለቱን አላይም፤ ጨርቁ የሚያልቅበትን ነው የማየው። እጅ ዓይንን ይከተላል።»

ሁለተኛው ላይ ዓይኑን አሻግሮ ጣለ። እጁ ተከተለ፤ መኪናዋ እጁን ተከተለች፤ መንገዱ እንደ ሐር ተገለጠ። ሦስተኛው ላይ ሆዱን አዳመጠ። ሆዱ ዝም ብሏል። አራተኛው ላይ ጥቂት ነዳጅ ሰጠ። ሆዱ አሁንም ዝም! መሪ ይዞ ኩርባን ከኤሊ ፈጥኖ ደፍሮ አያውቅም ነበርና ይህን ከቶ አልጠረጠረም። ያቺ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያሰቃየችው ፍጥረት፣ መሪው በራሱ እጅ ሲሆን፣ እንደ ጨዋ ልጅ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ጋሽ ቀጥታ በደስታ ፈነደቀ። ኤሊነቱን ረሳ። ማርሽ ቀነሰ፣ ጨመረ፤ አንዱን ኩርባ ሲጨርስ ሌላውን ተመኘ። እየዘመረም ነበር፤ መዝሙሩ ቃል አልነበረውም። ከዚያም ደቀ መዝሙር በገባ በሩብ ሰዓቱ መምህር መሆን ደንብ ነውና፣ ስለ ኩርባ ማስተማር ጀመረ።

«ገባኝ እኮ! ቀጥታ ማለት አረፍተ ነገር ነው፤ ኩርባ ግን ጨዋታ ነው! ገና ሲገቡበት መውጫውን… እንዴት ነው፣ ዝም አሉ?»

ልብስ ሰፊዋ በችሎታው የተደነቀች መሰለውና ሌላ ኩርባ አሳምሮ ወሰደላት።

«ያቁሙ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አይፍሩ፣ ይዤዋለሁ።»

«ያቁ… አቁም! አቁም አንተ ሰውዬ!»

ፊቷን ያኔ አየው። ያንን የፊት ቀለም ከሩቅ ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ከመስተዋት ውስጥ አፍጥጦበታል። መኪናዋን ዳር አስይዞ ሳይጨርስ በሩን ከፍታ ሣሩ ላይ ተንበረከከች። እቴጌ ኩርባ መንዳት ከቻለችበት ዕለት ጀምሮ መሪ እንጂ ጋቢና አታውቅም ነበር፤ ሆዷ ምን እንደሚመስል የምታውቅበት ዕድል አላገኘችም።

ጋሽ ቀጥታ ለአፍታም አልተደናገረም። ሻሿን ከፊቷ ሰብስቦ ያዘላት፤ ግንባሯን በመዳፉ ደገፈ፤ ሲያበቃላት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ «ያንን የሩቁን ሸንተረር ብቻ ይዩ። ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ መጨፈን ያባብሰዋል። በአፍንጫ ይሳቡ፣ በአፍ ይልቀቁ። ውኃ ገና ነው፤ አሁን ቢጠጡ ይመለሳል» አላት። ከኪሱም ዝንጅብል አወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ዝንጅብሉን ተቀበለች። አላመጠችው። ቀስ ብላም ዞረችና፣

«ይህን ሁሉ ከየት አወቁ?» አለች።

መልስ ሞልቶ ነበር። እኅቴ ያማታል ቢል ያመልጣል። ድል በእጁ ነው፤ ኩርባዎቹን ችሏል፤ ያቃታት እርሷ ናት፤ ምስጢሩ ሆድ ይፍጀው እንደ ተባለ ከሆዱ ሳይወጣ መቅረት ይችላል። ነገር ግን የሻሿ ጫፍ ገና በእጁ ውስጥ ነበር፤ በእጁ የሰውን ሻሽ ይዞ መዋሸት ከበደው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እስከ አውቶቡሱና እስከ ባለ ጋዜጣዋ ሴትዮ ድረስ ተናገረ።

ሰምታ ስትጨርስ ተነሣች። መሪው ጋ ሄዳ ተቀመጠች። «ከእንግዲህ በዚያኛው ወንበር የምቀመጠው ሞቼ ነው» አለች። «አንተም በዚያ ሆድ ቆዳዬ ላይ አትቀመጥም።» ሞተሩን አስነሥታ ወደ ታች ነዳች።

ከኩርባ ወደ ኩርባ ቁልቁል የሚያቋርጥ የእግር መንገድ ነበር። ጋሽ ቀጥታ ሌላ ምርጫ አልነበረውምና በእርሱ ወረደ። የመጀመሪያውን አቋራጭ ሲጨርስ ነጯ መኪና መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች።

«ይህን ሁሉ ዘመን» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ ፊት እያየች፣ «'የደካማ ሞተር መሸሸጊያ' ስትል፣ ደካማው ሆድህ ነበር?»

«አዎ።»

«የጥርስ ሐኪሙን በሰው ፊት ስታዋርደው!»

«እርሱ እንኳ ይገባዋል።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነዳጁን ረግጣ ሄደች።

ሁለተኛው ላይ ጋሽ ቀጥታ ዘገየ፤ ሱሪው በጭጎጎት ተለብጦ፣ እያለከለከ ደረሰ። ሞተሩ ጠፍቷል።

«ባለቤቴ ይፈራ ነበር» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «አሁን ነው የገባኝ። ፈራሁ ከሚል ዕድሜውን ሙሉ 'ፍሬን ያዢ' ማለት ቀለለው። አንተም 'ቀጥታ፣ ቀጥታ' እያልክ ልታረጅ ነበር።»

«እኔ ግን ነገርኩሽ።»

«እኔን ካስመለሰኝ በኋላ!»

«ቢሆንም ነገርኩሽ።»

አሰበች። ከሱሪው ላይ አንድ ጭጎጎት ነቅላ ወረወረችና ሞተሩን አስነሣች። በዚህ ጊዜ ግን ቀስ ብላ ነበር የሄደችው፤ ሦስተኛው ላይ ቀድሟት ደርሶ፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው እጁን ዘረጋ። ቆመችለት።

«ወዴት ነህ?»

«አንቺ ወደምትሄጂበት።»

«መንገዱ ይዞራል።»

«አውቃለሁ።»

በሩን ራሱ ከፍቶ ገባ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ዓይኑን ሩቅ ጣለ፤ ከንፈሩን ገጠመ። ልብስ ሰፊዋ የቀሩትን ኩርባዎች የሙሽራ ጨርቅ እንደምትቀድድ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ አንድ በአንድ ወሰደቻቸው። እርሱ ፍሬን አላለም፤ ግራ አላለም፤ ገደል አላለም። አፉን ቢከፍት ምን እንደሚወጣ ያውቃልና ምንም አላለም። እርሷም ዝም ያለው ለምን እንደ ሆነ አወቀች፤ ሆዷም ባባ።

«መጋባታችንን ዛሬውኑ ለእኅትህ እንንገራት?» አለችው በመጨረሻው ኩርባ ላይ።

ጋሽ ቀጥታ አንድ እጁን አነሣ።

«ይህ እሺ ማለት ነው ወይስ ቁሚ ማለት ነው?»

እጁን ይበልጥ ከፍ አደረገው። ፊቱን ስታየው ማኅበርተኛው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋ አቆመች። እርሱም በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ እንደ ምንም አንድ ቃል አወጣ።

«ሁለቱንም!»

የጥርስ ሐኪሙ በዚያች ቅጽበት ክንዱን ዘርግቶ ሊያቅፈው ደረሰ። «እንግዲህ ጋሽ ቀጥታ፣ ኩርባን እንዴት አገኙት?» አለው። መልሱ ፈጥኖ፣ በቀጥታ መስመር ደረሰው።